ሰሚዕ እና አጽምዖ፦ ቃለ እግዚአብሔርን በማስተዋል ስለ ማድመጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱስ ዮሐንስ በራእዩ መግቢያ ስለ አንባቢውና ስለ ሰሚዎቹ ብፅዕና ይናገራል (ራእ. ፩፥፫)። አንባቢውን በነጠላ፣ ሰሚዎቹን ግን በብዙ ቁጥር መጥራቱ ልብ ሊባል ይገባል። በሐዋርያት ዘመን መጽሐፍ በእጅ የሚጻፍ፣ ዋጋውም የከበደ ነበርና አንዱ በጉባኤው መካከል ቆሞ ያነባል፤ ሌላው ሁሉ ያደምጣል። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የማተሚያ መሣሪያ እስኪስፋፋ ድረስ ከክርስቲያኖች እጅግ የሚበዙት ቅዱሳት መጻሕፍትን የተቀበሉት በዓይናቸው ሳይሆን በጆሮአቸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የእምነትን መነሻ ሲያስተምር መስማትን አስቀድሟል (ሮሜ ፲፥፲፯)። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ማድመጥ ራሱን የቻለ የምእመናን አገልግሎት ነው፤ አንባቢ እስኪጨርስ መጠበቅ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን ከዓመታት በፊት በባሌ ደጋ፣ ከጎባ ከተማ ብዙም በማትርቅ አንዲት የገጠር አጥቢያ የገጠመን ነው። በዕለተ ሰንበት ተራችን ደርሶ የቅዱስ ጳውሎስን መልእክት በግእዝ አነበብን። ንባቡ አልተሰበረም፤ ተነሹም ወዳቂውም፣ ሰያፉም ተጣዩም በየቦታው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አረጋዊት እናት በቅጽሩ በር ጠብቀውን፣ «ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሞ አልያዝኩትም፤ ዛሬ ጳውሎስ ምን አለ?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን። ያነበብነው እኛው ነን፤ ነገር ግን አልሰማነውም ነበር። እናታችን ሊያሳፍሩን አስበው አልጠየቁም፤ ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩትን ይዘው ወደ ቤት ለመሄድ ፈልገው ነበር። ባዶ እጃቸውን የተመለሱት በእኛ ምክንያት ነው።

ቃሉ ራሱ ምን ያስተምረናል?

የግእዝ ቋንቋ ሁለት ግሦችን ይለያል። «ሰምዐ» ማለት ሰማ፣ «አጽምዐ» ማለት ደግሞ ጆሮውን አዘንብሎ አደመጠ ማለት ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ሲደርሰን በግድ የሚሆን ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም። በመዝሙረ ዳዊት ነቢዩ እግዚአብሔርን ልመናውን እንዲያደምጥለት ሲማጸን የሚጠቀመው ይህንኑ ሁለተኛውን ግሥ ነው። እግዚአብሔር እንዲያደርግልን የምንለምነውን እኛም ለቃሉ ማድረግ ይገባናል። በአፋን ኦሮሞም እንዲሁ «ዸገኡ» መስማትን፣ «ዸጌፈቹ» ደግሞ አተኩሮ ማድመጥን ያመለክታሉ፤ በሲናና ገጠር ስናስተምር ይህ ልዩነት ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ወዲያው ይገባል።

በአማርኛችንም «የማይሰማ ልጅ» ስንል ጆሮው የማይሠራ ልጅ ማለታችን አይደለም፤ የማይታዘዝ ማለታችን ነው። ለእስራኤል የተሰጠው ታላቁ ትእዛዝ በ«ስማ» ይጀምራል (ዘዳ. ፮፥፬)። ያም መስማት መታዘዝን በውስጡ የያዘ ነው። ከዚሁ ከ«ሰምዐ» ሥር «ስምዕ» ማለትም ምስክርነት፣ «ሰማዕት»ም ይወጣሉ። ሰማዕት በአፉ ከመመስከሩ፣ በደሙም ከማጽናቱ በፊት በጆሮው የተቀበለ ሰሚ ነበር። ብላቴናው ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ ድምፁን ሰምቶ ወደ ዔሊ ሦስት ጊዜ ሮጧል፤ ድምፁን ቢሰማም የማን እንደ ሆነ ገና አላወቀም ነበር። እንዴት መልሶ ማድመጥ እንዳለበት ያስተማረው አረጋዊው ካህን ነው (፩ኛ ሳሙ. ፫፥፩-፲)። ማድመጥም እንደ ዜማና እንደ ንባብ ከአባት የሚማሩት ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በቅዳሴ ውስጥ ያለው የንባብ ሥርዓት

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ፍሬ ቅዳሴ ከመጀመሩ በፊት አራት የሐዲስ ኪዳን ንባባት ይሰማሉ። ገባሬ ሠናዩ ዲያቆን ከቅዱስ ጳውሎስ 14 መልእክታት አንዱን፣ ንፍቁ ዲያቆን ከሰባቱ የሐዋርያት መልእክታት፣ ንፍቁ ካህን የሐዋርያትን ሥራ ያነባሉ። ከዚያም ምስባክ ይዜማል፤ በመጨረሻም ገባሬ ሠናዩ ካህን ወንጌልን ያነባል። የየዕለቱን ምንባባት የሚወስነው መጽሐፈ ግጻዌ ነው። አንባቢው ደስ ያለውን መርጦ አያነብም፤ ሰሚውም ሊሰማ የወደደውን ብቻ አይሰማም። ይህ በራሱ ትልቅ ተግሣጽ ነው። ከፈቃዳችን ጋር የማይስማማው ቃል ዓመቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ልናልፈው አንችልም።

ምስባክ ከዳዊት መዝሙር የሚወጣ ሦስት መሥመር ነው። ዲያቆኑ ያዜማል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። የሚነበበውን ወንጌል ምሥጢር በነቢዩ አፍ አስቀድሞ የሚያመለክት ስለ ሆነ ምስባኩን ያስተዋለ ሰው ለወንጌሉ ልቡን አዘጋጅቷል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ምስባክን የምናውቀው በዜማው ጣዕም እንጂ በቃሉ አይደለም። አጭር ስለ ሆነ በቃል ለመያዝ ከሁሉ የሚቀለው ግን እርሱ ነበር።

ወንጌል ሲነበብ ሥርዓቱ በሙሉ የሰሚውን አካል ለማድመጥ ያዘጋጃል። ወንጌሉ በመብራትና በዕጣን ታጅቦ ይወጣል፤ ዲያቆኑም ሕዝቡ ቆሞ እንዲያደምጥ በዐዋጅ ያሳስባል። ከንባቡ በፊት የሚጸለየው ጸሎት ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ስለ ዓይናቸውና ስለ ጆሮአቸው ብፅዕና የነገራቸውን ያስታውሳል (ማቴ. ፲፫፥፲፮-፲፯)፤ እኛም ቅዱስ ወንጌልን ለመስማትና ለመሥራት የበቃን እንድንሆን ይለምናል። መስማት እንኳ ብቃትን የሚጠይቅ መሆኑን ያስተዋሉ አባቶች ናቸው ይህን ጸሎት እዚህ ቦታ ላይ ያኖሩት። ንባቡ ሲፈጸምም እንደ ወንጌላዊው የተለየ መዝጊያ አለው፤ የቅዱስ ማርቆስ ወንጌል በተነበበበት ዕለት መዝጊያው ጆሮ ያለው ሁሉ እንዲሰማ የሚያሳስበው የጌታችን ቃል ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ንኡሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ገና ያልተጠመቁት፣ እስከዚህ ድረስ ቆይተው ከወንጌል በኋላ ይሰናበቱ ነበር። ከሥጋውና ከደሙ ገና ባይካፈሉም ቃሉን እንዲያደምጡ ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳላቸዋለች። ዛሬ የተጠመቅነው ወንጌል ከተነበበ በኋላ እየመጣን «ቅዳሴ ደረስን» ስንል ንኡሰ ክርስቲያን ይቆሙበት በነበረው ሰዓት አለመገኘታችንን ልብ አንለውም። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ከመጀመሪያው እንዲገኝ አባቶች አጥብቀው የሚመክሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሲናና ገበሬና የዘሪው ምሳሌ

ሲናና የስንዴና የገብስ ሀገር ነው። ከሮቤ ወጥቶ በሜዳው ላይ የተጓዘ ሰው ዓይኑ እስከሚያይበት ድረስ የእህል ማሳ ያያል። የባሌ ደጋ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ገበሬው ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ከመጋቢት ጀምሮ የሚዘራበትን ወቅት «ገና»፣ ከነሐሴ ጀምሮ የሚዘራበትን «ቦና» ይለዋል። (እዚህ «ገና» የተባለው የአፋን ኦሮሞ የወቅት ስም ነው፤ ከልደት በዓል ጋር አይገናኝም። ለስብከት ከሌላ ሀገር የሚመጣ እንግዳ አንዳንድ ጊዜ ይደናገርበታል።) በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ከሰኔ 26 ጀምሮ ያለው የመጀመሪያው የክረምት ክፍል ስለ ዘርና ስለ ደመና የሚነገርበት ነው። በብዙው የሀገራችን ደጋ ያን ጊዜ ገበሬው ከዘር ጋር ነው፤ የሲናናው ገበሬ ግን የገና እህሉ ሊደርስለት እየተጠባበቀ ለቦናው ማሳውን ያስባል። ስለዚህ ስለ ዘር የሚነበበውን የሚሰማው በአንድ እጁ መከርን፣ በሌላው ዘርን ይዞ ነው።

ጌታችን ስለ ዘሪው የተናገረው ምሳሌ (ማቴ. ፲፫፥፩-፳፫) ብዙ ጊዜ ስለ አማኝና ስለ ኢአማኝ እንደ ተነገረ ተደርጎ ይወሰዳል። ትርጓሜውን ቀረብ ብለን ስናየው ግን አራቱም መሬቶች ሰሚዎች ናቸው። መንገድ ዳሩም ይሰማል፣ ጭንጫውም ይሰማል፣ እሾሁም ይሰማል። ዘሩ ያልደረሰው መሬት በምሳሌው ውስጥ የለም። ልዩነቱ ያለው ከሰሙ በኋላ ነው። ስለ መልካሙ መሬት ሲናገሩ ሦስቱ ወንጌላውያን ከመስማት ቀጥሎ ያለውን በተለያየ ቃል ገልጠውታል፦ ማቴዎስ ማስተዋልን (፲፫፥፳፫)፣ ማርቆስ መቀበልን (፬፥፳)፣ ሉቃስ መጠበቅን (፰፥፲፭)። ሦስቱን አንድ ላይ ስንይዛቸው አጽምዖ የምንለው ምን እንደ ሆነ ይገለጥልናል።

መንገድ ዳር የተባለው ልብ ክፉ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም የጠጠረው፤ ብዙ እግር ስለ ረገጠው ነው። የሲናና ገበሬ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ ከብትና ሰው የተመላለሰበት የማሳ ጫፍ አፈሩ ያው ጥቁር አፈር ሆኖ ሳለ አያበቅልም። ዛሬ ልባችንን ከሚረግጡት መካከል በኪሳችን ይዘነው የምንገባው ስልክ አንዱ ነው። እሾህ የተባለው የዚህ ዓለም አሳብም እርሻ ሲበዛ አብሮ ይበዛል። ኮምባይነር የሚመጣበት ቀን፣ የማዳበሪያ ዋጋ፣ ስንዴውን የሚመታው ዋግ፣ እነዚህ ሁሉ ከሰውየው ጋር ወደ ቅዳሴ ይገባሉ። አሳቡ ኃጢአት አይደለም፤ ቃሉን ሲያንቀው ግን ፍሬ ያስቀራል። ሠላሳ፣ ስድሳና መቶ ያማረ ፍሬን መተርጉማን ለወጣንያን፣ ለማእከላውያንና ለፍጹማን ሰጥተው ያስተምራሉና ገና ጀማሪ የሆነ ሰሚ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። ሠላሳም ከመልካሙ መሬት የተገኘ ነው።

ሰምተው የተለወጡ

የግብፁ አባ እንጦንስ መንኖ ወደ ምድረ በዳ እንዲወጣ ያደረገው በቤተ ክርስቲያን የሰማው ንባብ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ እንደምንረዳው ወላጆቹ ከሞቱ ስድስት ወር ያህል በኋላ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ለባለጠጋው ጎልማሳ የተነገረው ቃል ይነበብ ነበር (ማቴ. ፲፱፥፳፩)። በዚያ ብዙ ሰው ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ያንኑ ንባብ ሰምቷል። እንጦንስ ግን ለእርሱ እንደ ተነበበ አድርጎ ተቀበለውና ከአባቱ የወረሰውን 300 አሩራ ለም መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። አትናቴዎስ ስለ እርሱ ከጻፈው ሁሉ እኛን የሚደንቀን ንባብ ሲሰማ ከቃሉ አንዳች መሬት እንዳይወድቅ አድርጎ ያደምጥ ስለ ነበር በኋላ ልቡናው እንደ መጽሐፍ ሆኖ ያገለገለው መሆኑ ነው። በየዓመቱ ጥር 22 ስናከብረው ምናኔውን እናነሣለን፤ ምናኔው የተወለደበትን ጆሮ ግን እምብዛም አናነሣም።

በፊልጵስዩስ ልድያ የተባለች የቀይ ሐር ሻጭ የቅዱስ ጳውሎስን ትምህርት ስትሰማ ልቧን የከፈተላት እግዚአብሔር ነው (ሐዋ. ፲፮፥፲፬)። እርሷ ሰማች፤ እግዚአብሔር ከፈተላት። ሁለቱ አይነጣጠሉም። በነህምያ መጽሐፍ ደግሞ ካህኑ ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን ሲያነብ የሕዝቡ ሁሉ ጆሮ ወደ መጽሐፉ እንደ ነበር፣ ሌዋውያንም የሚነበበው እንዲገባው ለሕዝቡ ያስረዱ እንደ ነበር ተጽፏል (ነህ. ፰፥፩-፰)። ማንበብ፣ ማድመጥና ማስረዳት በአንድ አደባባይ ተገናኝተዋል። የእኛው ሀገር ጃንደረባም በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን አሰምቶ ሲያነብ ፊልጶስ ሰማው፤ መረዳቱን ሲጠይቀውም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ (ሐዋ. ፰፥፳፮-፴፱)። ባለሥልጣን ሆኖ «አልገባኝም» ማለቱ እስከ ጥምቀት አደረሰው።

ሌሊቱን ቆመው የሚደክማቸው ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ አውጤኪስን ያስታውሱ። ቅዱስ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር በመስኮት ተቀምጦ እንቅልፍ ጣለውና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ (ሐዋ. ፳፥፯-፲፪)። ሐዋርያው ወርዶ አነሣው እንጂ ስለ እንቅልፉ ሲገሥጸው አናነብም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በዚያ ብርድ ከሩቅ መንደር በእግሩ መጥቶ በጋቢው ውስጥ ያሸለበውን አረጋዊ ለመንቀፍ የምንቸኩል እኛ ማን ነን?

በማይሰሙት ቋንቋ ማን ያደምጣል?

ስለ ማድመጥ ስንናገር ጥፋቱን ሁሉ በሰሚው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የማይታወቅ ንግግር ለአየር እንደ መናገር መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል (፩ኛ ቆሮ. ፲፬፥፱)። ግእዝ የቤተ ክርስቲያናችን ሀብትና የምሥጢሯ መዝገብ ነው፤ ሊጠበቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ በባሌ ደጋ ገጠር በቤታቸው በአፋን ኦሮሞ የሚነጋገሩ ብዙ ምእመናን አሉ። ከእነርሱ አንዱ ወጣት፣ «ለዓመታት ቆምኩ፤ ቆሜ ግን አልሰማሁም» ሲለን የሰነፍ ሰሚ ሰበብ ነው ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ያ ወጣት ዛሬ ከእኛ ጋር የለም። ንባቡ በግእዝ ከተሰማ በኋላ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢነበብ የሚጨምረው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚህ የሚተጉ አጥቢያዎችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሌሎቻችን ከእነርሱ ልንማር ይገባል።

በአማርኛ በኩል ሰበብ የለንም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም፣ በ2000 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን ያሳተመችው ሰማንያ አሐዱም በእጃችን ናቸው። እኛ ዲያቆናትም ብንሆን ንባቡን እንደ ሩጫ መጨረስ፣ ግጻዌውን ሳይመለከቱ መቅረብ፣ የሚጮኽ ድምፅ ማጉያ ይዞ ቃሉን ማፈን የየዕለቱ ፈተናችን ነው። ከአረጋዊቷ እናት ጥያቄ በኋላ የወሰድነው ልማድ አለ፤ ምንባቡን ከዋዜማው በግእዝም በአማርኛም አንብበን «ነገ ብጠየቅ ምን እላለሁ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቃለን። መልስ ካጣን መምህራችንን እንጠይቃለን።

ልምምዱ

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሲያስተምር የሚቀጥለውን የትምህርት ክፍል አስቀድሞ እየነገረ ሕዝቡ በየቤቱ አንብቦ እንዲመጣ ያሳስብ ነበር። ይህ ዛሬም ከሁሉ የሚጠቅም መንገድ ይመስለናል። ቅዳሜ ማታ ከቤተሰቡ ማንበብ የሚችለው፣ ብዙ ጊዜ ተማሪ የሆነው ልጅ፣ የነገውን ወንጌል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። አያት ማንበብ ባይችሉ ምንም አይደለም፤ በጆሮ ተቀብሎ በልብ ማኖርን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በጉባኤ ቤት ያሉ ተማሪዎችም ብሉዩንና ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን የሚይዙት ከመምህሩ አፍ እያደመጡ ነው፤ «አንድም» እያለ የሚወርደው ትርጓሜ ለብዙ ዘመን በጽሑፍ ሳይሆን በጆሮና በቃል ተጠብቆ ኖሯል።

በቅዳሴ ሰዓት የሚቻለው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቁም፤ በቅጽሩ ዛፍ ሥር ወሬ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስልክን መዝጋት ይሻላል። ምንባቡን በስልክ እየተከታተሉ የሚያነቡ ወጣቶች አሉ፤ ኃጢአት ነው አንልም። ነገር ግን ዓይን ወደ ማያው ሲሄድ ጆሮ እንደሚቦዝን ከራሳችን አይተናልና በቤት ማንበብ፣ በቤተ መቅደስ ማድመጥ ይመረጣል። አሳብ ሲባዝን መበሳጨት አይገባም፤ የባዘነውን አሳብ በየዋህነት ወደሚነበበው ቃል መመለስ ራሱ ጸሎት ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ያቀፈችን እናት በዓይን መገላመጥ ደግሞ የእርሷንም የእኛንም ማድመጥ ያጠፋል።

ከቅዳሴ በኋላ ያለው ሰዓት በጣም የሚባክን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ሰምቶ የማያደርገውን መልኩን በመስተዋት አይቶ ወዲያው እንደሚረሳ ሰው ይመስለዋል (ያዕ. ፩፥፳፪-፳፭)። ስለዚህ ከንባቡ አንዲት ነገር ብቻ ይዞ መውጣትና በዚያው ሳምንት አንድ ሥራ ማድረግ፣ ለምሳሌ ስለ ይቅርታ ከተነበበ በድንበር ከተጣላነው ጎረቤት ጋር መነጋገር ይበቃል። በጽዋ ማኅበር ጸበል ጻዲቁ ሲቀመስ የዕለቱ ወንጌል ምን እንደ ነበር አንዱ ለሌላው ይንገረው፤ ያልገባው ይጠይቅ፤ ካህኑ ይመልስ። በመከር ሰሞን ማሳው አስገድዶት የቀረ፣ ወይም በሕመም አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካለ ከቅዳሴ የተመለሰው ጎረቤቱ ጎራ ብሎ፣ ወንጌሉ ከየት እንደ ተነበበና ምን እንዳለ ይንገረው። ማንበብ የሚችል ከሆነም ምዕራፉን ገልጦ ያንብብለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር